ማን መረጠልን? የድሬዳዋ ተመልካችና መድረኩ

ቴአትር ለማየት ያሰበ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ «የትኛውን ልይ?» የሚል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ልቡ ያዘነ ሰው መሳቅ ያምረዋል፤ ኑሮው የሰለቸው ሰው ከሌላ ዘመን የመጣ ንጉሥና ጀግና ማየት ይሻል። አንዱ የተዋናዩን ስም አይቶ ይገባል፤ ሌላው የደራሲውን ስም ይጠይቃል፤ ሦስተኛው «ዘፈን አለበት ወይ?» ብሎ ያጣራል፤ አራተኛው ኪሱን ዳብሶ አቅሙ የሚፈቅደውን ይይዛል። ሁሉም ወንበራቸው ላይ ሲቀመጡ «እኔ መረጥሁ» ይላሉ።

ይህ ጽሑፍ የሚጠይቀው ከዚያ በፊት ያለውን ነገር ነው። ተመልካቹ ከመምረጡ በፊት ማን መረጠለት? አንዱ መጋረጃ እንዲከፈት ስንቱ ተዘግቶ ቀረ? መልሱን ለመፈለግ ከአዲስ አበባ አዳራሾች ይልቅ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ድሬዳዋ፣ ማቅናት ይሻላል። በአዲስ አበባ የአዳራሹ ብዛት ነገሩን ይሸፍነዋል፤ በድሬዳዋ ግን የመምረጥና የመነፈግ ታሪክ ገሃድ ወጥቶ ይታያል። በዚያች ከተማ ብዙ ጊዜ ምርጫው የተመልካቹ አልነበረም። አንድ ጊዜ ግን ተመልካቹ «የምመርጠው ካጣሁ እኔው እሠራዋለሁ» ብሎ ተነሥቷል። የጽሑፉ ጉዳይ እርሱ ነው።

*

ነገሩን ከሥሩ እንጀምረው። የኢትዮጵያ ዘመናዊ ቴአትር ሲወሳ በመጀመሪያ ስማቸው የሚነሣው ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ልጅነታቸው ከሐረር ጋራ የተያያዘ ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ ገና በለጋ ዕድሜያቸው ወደ ሩስያ ተወስደው በዚያ ተማሩ፤ ወደ አገራቸው የተመለሱትም የአውሮፓን መድረክ በዓይናቸው አይተው ነው። በ1913 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ተራስ ሆቴል የታየው «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የእርሳቸው ድርሰት ነበር።

ስለ ድርሰቱ አነሣሥ የሚተረከው ለእኛ ጥያቄ ትልቅ ቁም ነገር አለው። ተክለ ሐዋርያት ቴአትር ተብሎ የተጠራ፣ ዘፈንና ጭፈራ የበዛበት ትርኢት እንዲያዩ ተጋብዘው ሄዱ፤ ያዩት አላረካቸውም፤ ቴአትር ማለት ይህ አይደለም አሉ። እንግዲያውስ ቴአትር ምን እንደሆነ ጽፈው ያሳዩን ተባሉ፤ ጻፉም። እንዲህ ከሆነ የአገራችን የመጀመሪያው ተውኔት ደራሲ አስቀድሞ ያልረካ ተመልካች ነበር ማለት ነው። የቴአትራችን ታሪክ የሚጀምረው አንድ ተመልካች ለማየት በቀረበለት ነገር ባለመደሰቱ ነው።

ቀጥሎ የሆነውም የታወቀ ነው። ተክለ ሐዋርያት የፈረንሣዩን ባለቅኔ የላፎንቴንን የእንስሳት ተረቶች መነሻ አድርገው፣ አውሬዎችን እያናገሩ የዘመኑን አስተዳደር ጉድለት ነቀፉ። ታዳሚው መኳንንትና ባለሥልጣን ነበር። አውሬው ማን እንደሆነ ለመለየት አልተቸገረም። በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ መንግሥት ተውኔቱ ታገደ፤ ቅጂውም ተሰበሰበ። መድረኩም እስከ 1923ቱ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል ድረስ ጸጥ እንዳለ ቆየ። ደራሲው በእነዚያ ዓመታት ከድሬዳዋ በስተምዕራብ የሚገኘውን የጨርጨርን አውራጃ አስተዳደሩ፤ አሰበ ተፈሪን ቆረቆሩ። ከተማ መቆርቆር የተፈቀደላቸው ሰው ተውኔታቸውን ለሁለተኛ ጊዜ ማሳየት አልተፈቀደላቸውም።

ይህን የምናወሳው በእኛ አገር ብቻ የሆነ ይመስል ለማማረር አይደለም። የላፎንቴን ዘመነኛ የነበረው ሞልየር «ታርቱፍ» የተባለ ኮሜዲውን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1664 ለንጉሡ ካሳየ በኋላ ታግዶበት፣ በነጻ ለሕዝብ ለማሳየት አምስት ዓመት ጠብቋል። በለንደን ከተማ አዲስ ተውኔት ሁሉ ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት የቤተ መንግሥቱ ሹም እንዲያነበውና እንዲፈቅደው የሚያዘው ሕግ ከ1737 እስከ 1968 ጸንቶ ኖሯል። በጥንቷ አቴናም ቢሆን በዲዮኒሶስ በዓል የትኞቹ ባለቅኔዎች ተውኔታቸውን እንደሚያቀርቡ የሚመርጠው የከተማው ሹም ነበር። እንግዲህ ተመልካች በየትም አገር የሚቀመጠው ከብዙ መራጮች መጨረሻ ላይ ነው። ልዩነቱ ከፊቱ የተሰለፉት መራጮች ብዛትና ለእርሱ የተረፈለት ነገር መጠን ነው።

*

አሁን ወደ ድሬዳዋ እንውረድ። ድሬዳዋ ባቡር የወለዳት ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ 310 ኪሎ ሜትር ያህል በረሃ አቋርጦ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከሐረር ተራሮች ግርጌ ደረሰ። ሐዲዱን ሽቅብ ወደ ሐረር ማውጣት ተራራውና ወጪው ስለከለከለ፣ ከታች በሜዳው ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። ዐፄ ምኒልክ «አዲስ ሐረር» ብለው ሰይመውት ነበር፤ ስሙ ግን አልጸናም። ሐዲዱ አዲስ አበባ የዘለቀው በ1909 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ለዓመታት የባቡሩ መጨረሻ፣ የአገሪቱም መግቢያ በር ድሬዳዋ ነበረች።

ከተማይቱን ደቻቱ ለሁለት ይከፍላታል። ወንዝ ይባል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ውኃ የሌለው አሸዋ ነው። ከወዲህ ከዚራ አለ፤ ፈረንሣዮች በቀጥታ መስመር የነደፉት፣ መንገዱ በዛፍ ጥላ የተሸፈነ፣ የምድር ባቡሩ ጣቢያና ጋራዥ ያለበት። ከወዲያ መጋላ አለ፤ ገበያው፣ መስጊዱ፣ የተጠማዘዘው ጠባብ መንገድ ያለበት። በዚህች ከተማ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ዐረቡ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ጣልያኑና ሕንዱ በአንድ ፀሐይ ሥር ነገዱ፤ ሠሩ፤ ተዋለዱ። ሻሂ ቤት የተቀመጠ ሰው ሳይነሣ ዐራትና አምስት ቋንቋ ይሰማል። የድሬ ልጅም አንዱን ዓረፍተ ነገር በአንድ ቋንቋ ጀምሮ በሌላው መጨረሱ ለማንም አይደንቅም።

ታዲያ በእንዲህ ያለች ከተማ መድረክ ቢዘረጋ በየትኛው ቋንቋ ይናገር? የድሬዳዋ ተመልካች ምርጫ ታሪክ የሚያጠነጥነው በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው።

የአገሪቱ መድረኮች የተተከሉት ግን በሐዲዱ ሌላ ጫፍ ነበር። በሐምሌ 1927 ዓ.ም. ጣልያን ሊወር ሲዘጋጅ ሕዝቡን ለማንቃት የሀገር ፍቅር ማኅበር በአዲስ አበባ ተመሠረተ፤ ቴአትር ቤቱም ከዚያ ማኅበር ወጣ። በ1948 ዓ.ም. በንጉሡ የኢዮቤልዩ በዓል፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ቤት በራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ተከፈተ። ቀጥሎም የጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ» በአማርኛ ተናገረ። ልጅነቱን በሐረር ያሳለፈው መንግሥቱ ለማም በ«ጠልፎ በኪሴ» እና በ«ያላቻ ጋብቻ» ተመልካቹን እያሳቀ አሳሰበው። ለአዲስ አበባ ሰው እነዚህ ዓመታት የምርጫ ዓመታት ነበሩ። አሽሙር ቢሻው ኮሜዲ፣ ኀዘን ቢሻው ትራጀዲ፣ ሁለቱም ቢሰለቹት ኦርኬስትራ አለለት።

እስቲ በዚያው ዘመን አንድ የድሬዳዋ የምድር ባቡር ሠራተኛ እናስብ። መጽሐፍ ይወዳል፤ ሬዲዮ ያዳምጣል፤ አዲስ አበባ ምን እንደሚታይ ከተጓዥ ይሰማል። ነገር ግን በእርሱና በመድረኩ መካከል 470 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ አለ። አልፎ አልፎ ቡድን ከመዲናዋ ሲመጣ ሰልፍ ይሰለፋል፤ የመጣውን ያያል፤ ቡድኑ በማግሥቱ ይሄዳል። ለአዲስ አበባው ሰው ጥያቄው «የትኛውን ልይ?» ነበር፤ ለድሬው ሰው ግን «መቼ ይመጣ ይሆን?» ነበር። ከመጋላ ጎረቤቱ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ፤ «ሲመጣስ እኔን ያናግረኝ ይሆን?»

*

እዚህ ላይ ስለ ሙዚቃዊ ተውኔት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ብዙዎቻችን ዘፈን ያለበትን ቴአትር ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ አድርገን እናየዋለን። የእኛ መድረክ ግን ከጥንቱም ዘፈንን ከጨዋታ ለይቶ አያውቅም። «ተውኔት» የሚለው ቃል ራሱ ከግእዙ «ተዋነየ» የወጣ ሲሆን ትርጉሙ ተጫወተ ማለት ነው፤ በአማርኛችንም መሰንቆውን የሚገርፈው አዝማሪና ወግ የሚያወጋው ሽማግሌ ሁለቱም «ተጫወቱ» ይባላሉ። ዮፍታሔ ንጉሤ ባለቅኔም፣ የዜማ ሰውም፣ የተውኔት ደራሲም ነበሩ። በሀገር ፍቅር መድረክም ዘፈን፣ ውዝዋዜ፣ አጭር ኮሜዲና ድራማ በአንድ ምሽት ተከታትለው ይቀርቡ ነበር። ምናልባት ተክለ ሐዋርያት ቴአትር አይደለም ያሉት ትርኢትና ከእርሳቸው በኋላ ሕዝቡ የወደደው ቴአትር የሚገናኙት እዚህ ላይ ሳይሆን አይቀርም፤ ሕዝቡ ቁም ነገሩንም ፈለገ፣ ዘፈኑንም አልተወም።

በድሬዳዋ ደግሞ ከምሥራቅ የሚመጣ ሌላ ጅረት ነበር። በሶማልኛ ቋንቋ «ሪዋያድ» የሚባለው ተውኔት በእውነት ሙዚቃዊ ተውኔት ነው። ቁልፉ የታሪኩ ክፍል በግጥምና በዜማ ይቀርባል፤ በመካከሉ ተዋንያኑ በንግግር ይጫወታሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1968 የቀረበው የሐሰን ሼክ ሙሚን «ሸቤልናጎድ»፣ ትርጉሙም በሴቶች መካከል ያለ ነብር ማለት ነው፣ ከእነዚህ ሁሉ የታወቀው ነው፤ ሴቶችን በውሸት ጋብቻ የሚያታልሉ ወንዶችን ያጋልጣል። ከእንዲህ ያሉ ተውኔቶች የወጡ ዘፈኖች በሬዲዮና በካሴት ድንበር እየተሻገሩ በምሥራቁ ከተሞች ተሰምተዋል። መድረኩን ያላየ ሰው ዘፈኑን ያውቀዋል፤ ዘፈኑን ይዞ ታሪኩን ይጠይቃል።

ስለዚህ ድሬዳዋ በሁለት መድረኮች መካከል የተቀመጠች ከተማ ነበረች። ከምዕራብ በባቡር የአማርኛው ይመጣል፤ ከምሥራቅ በአየር ሞገድ የሶማልኛው ይሰማል። በመካከል ግን ከከተማይቱ ነባር ቋንቋዎች አንዱ የሆነው፣ በዙሪያዋም ብዙው ገጠር የሚናገረው ኦሮምኛ መድረክ አልነበረውም። የኦሮምኛ ተናጋሪው ተመልካች የምርጫው ዝርዝር ቢዘረጋለት ገጹ ባዶ ነበር።

*

በ1954 ዓ.ም. ገደማ በድሬዳዋ ጥቂት ወጣቶች ተሰብስበው የሙዚቃ ቡድን መሠረቱ። ስሙን «አፍረን ቀሎ» አሉት፤ ዐራቱ ቀሎ ማለት ነው። በምሥራቅ ሐረርጌ የሚኖሩትን የአላን፣ የኦቦራን፣ የባቢሌንና የዳጋን ጎሳዎች በአንድ የሚጠራ ስም ነው። ቡድኑ የቴአትር ቤት አልነበረውም፤ የመንግሥት በጀት አልነበረውም፤ የመድረክ ፈቃድም በቀላሉ የሚገኝ አልነበረም። መድረኩ የሠርግ ዳስና የበዓል ቀን ነበር።

ይህን ልብ እንበለው። ሠርግ ላይ ማንም ትኬት አይቆርጥም፤ ማንም «የትኛውን ልይ?» ብሎ አይጨነቅም። ነገር ግን ባለ ሠርጉ ቡድኑን ሲጠራ መርጧል። ከፊቱ የነበሩትን መራጮች ሁሉ አልፎ፣ ልጁ በተዳረበት ምሽት በገዛ ቋንቋው የተዘፈነውን መስማት መርጧል። እንግዳውም ጭብጨባውን ሲለግስ መርጧል። ምንም ሕግ ያልጻፈው፣ ምንም ማስታወቂያ ያልለጠፈው ምርጫ ነበር።

ከወጣቶቹ መካከል ያን ጊዜ የዐሥራ ዐራት ዓመት ገደማ ልጅ የነበረው ዓሊ መሐመድ ሙሳ ይገኝበታል። በገንደ ቆሬ ሰፈር ያደገው ይህ ልጅ ከዘፈናቸው ዘፈኖች በአንዱ ምክንያት «ቢራ» የሚል ቅጽል ወጣለት፤ ቢራ በኦሮምኛ ክረምት አልፎ ሰማዩ የሚጠራበት ወቅት ነው። ዓሊ ቢራ ከጊዜ በኋላ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ በሐረሪኛ፣ በአማርኛና በዐረብኛ ዘፍኗል። አንድ ቋንቋ ብቻ የሚያውቅ መድረክ ያላስተናገደው ልጅ ሁሉንም የከተማውን ቋንቋዎች በአንድ ጉሮሮ ያስተናገደ ሰው ሆነ።

አፍረን ቀሎ ግን ብዙ አልቆየም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መንግሥት አገደው፤ አባላቱም ተበተኑ። ዓሊ ቢራ ወደ አዲስ አበባ ሄደና በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ውስጥ ተቀጠረ። የታሪክ ምፀት ይሉታል እንዲህ ነው፤ ቡድኑን የበተነው መንግሥት ከቡድኑ የወጣውን ድምፅ ለራሱ ዘበኞች ኦርኬስትራ ወሰደው። ፋቡላን አግዶ ደራሲውን በሹመት ያቆየው ሥርዓት፣ አፍረን ቀሎንም አግዶ ድምፃዊውን በደመወዝ አቆየው። የታገደው ሰው አልነበረም፤ ሰውና ተመልካቹ በገዛ ፈቃዳቸው የሚገናኙበት ቦታ ነበር።

ዓሊ ቢራ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሲያርፍ የተቀበረው በዚያችው በድሬዳዋ ነው። ዜናውን የሰማ የከተማው ሰው ሁሉ ያለቀሰው በአንድ ቋንቋ አልነበረም።

*

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የነገሩ መልክ ተለወጠ። ደርግ መድረክን እንደ ቀድሞው አልፈራውም፤ እንዲያውም ወደደው፤ ሊሠራበት ስለሚችል ወደደው። በየቀበሌው፣ በየፋብሪካው፣ በየገበሬ ማኅበሩ የኪነት ቡድን ተቋቋመ። አዝማች መዝሙር፣ የብሔረሰብ ዘፈን፣ ውዝዋዜና አጭር ድራማ በአንድ ምሽት ቀረበ። ከሀገር ፍቅር የተወረሰው ቅልቅል አሁን በአገር ሙሉ ተዘረጋ። በ1980 ዓ.ም. በውጭ አገር የዞረው «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው ታላቅ ትርኢትም ከየብሔረሰቡ የተውጣጡ ከያንያንን በአንድ መድረክ አሰለፈ።

ይህ ዘመን ለድሬዳዋ ተመልካች የሰጠውን መካድ ተገቢ አይደለም። ቀድሞ ሠርግ ቤት ተደብቆ የነበረው ቋንቋ በአደባባይ ተዘፈነ፤ ወዛደሩና ተማሪው ራሱ መድረክ ላይ ወጣ። ዛሬ በየከተማው ያሉ ብዙ አንጋፋ ከያንያን የወጡት ከእነዚያ ቡድኖች ነው። ነገር ግን ተመልካቹ ለምርጫ አልተጠራም፤ ለስብሰባ ተጠራ። ድራማው ገና ሳይጀመር መጨረሻው ይታወቃል፤ አድኃሪው ይወድቃል፣ አብዮተኛው ይነሣል። ቋንቋው ተፈታ፤ ቃሉ ታሰረ። ዘውዳዊው መንግሥት «ይህን አታዩም» ይል ነበር፤ ደርግ «ይህን ታያላችሁ» አለ። ሁለቱም ተመልካቹን አልጠየቁም። ሎሬት ጸጋዬን የመሰለ ደራሲ እንኳ በተለያዩ መንግሥታት ዘመን ተውኔቶቹ የታገዱበት ሰው መሆኑን ስናስብ፣ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ቢለዋወጥም ወንበሩ እንዳልተነሣ እንረዳለን።

*

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራ ተከለከለ። በወረቀት ላይ ሳንሱር ወንበሩን ለቀቀ። ታዲያ ተመልካቹ መራጭ ሆነ? ሳንሱሩ በተነሣበት ወንበር ገበያ ተቀመጠ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የአማርኛ ቪዲዮ ፊልም በየአዳራሹ ሲገባ ቴአትር በብዙ ከተሞች ቦታውን ለቀቀ። ፊልም በሻንጣ ይመጣል፤ ቴአትር ግን ተዋናዩን፣ አልባሳቱን፣ መብራቱንና ቁሳቁሱን ሁሉ በመኪና ጭኖ መምጣት አለበት። ለአልጋ ይከፈላል፤ ለአዳራሽ ይከፈላል። ስለዚህ ከመዲናዋ የሚነሣ ቡድን የተፈተነውንና የሚያስቀውን ይዞ ቢመጣ አይፈረድበትም፤ ኪሳራውን የሚሸከምለት የለም። በብሔራዊ ቴአትር ለዓመታት ከመድረክ ያልወረደው «ባቢሎን በሳሎን» ኮሜዲ የሆነው ያለ ነገር አይደለም። በዚያው መድረክ የጌትነት እንየው «የቴዎድሮስ ራዕይ» ሕዝብ እንደሳበም እናስታውሳለን፤ ተመልካች ከባድ ነገር አይወድም የሚሉት አነጋገር በዚህ ይፈርሳል። ይሁን እንጂ ሁለቱን አማርጦ ማየት የቻለው በቅድሚያ አዲስ አበባ የሚኖረው ነው።

የባቡሩም ነገር እንዲሁ ነው። የአሮጌው ሐዲድ ጉዞ ወደ አዲስ አበባ ከተቋረጠ በኋላ በ2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ፤ ጣቢያው ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ተሠራ። ባቡሩ በከዚራ ደጃፍ አያልፍም። የቀድሞው ሠራተኛ «መቼ ይመጣ ይሆን?» እያለ የሚጠብቀው ፉጨት ዛሬ ከሩቅ ነው።

ድሬዳዋ ግን ዝም ብላ አልጠበቀችም። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በአገሪቱ በተስፋፋው የሰርከስ እንቅስቃሴ የድሬዳዋ ልጆችም የራሳቸውን ሰርከስ አቋቋሙ። ሰርከስ ቃል ሳያበዛ በአካል፣ በሙዚቃና በጨዋታ ይናገራል። ብዙ ቋንቋ ላለው ከተማ ከዚህ የተሻለ ተውኔት ማግኘት ያስቸግራል፤ የመጋላውም የከዚራውም ልጅ እኩል ይረዳዋል። አፍረን ቀሎ በሠርግ ዳስ ያደረገውን እነዚህ ልጆች በሜዳ ላይ ደገሙት፤ የሚመርጡት ስላጡ ሠሩት።

*

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያወሳነው ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ለመመለስ ነው። የትኛውን እንይ?

ይህ ጸሐፊ ለአንባቢ ዝርዝር ሊያወጣ አይዳዳውም። ከታሪኩ የሚወጣው ትምህርት ግን ሦስት ነገር ይመክረናል። አንደኛ፣ ማስታወቂያውን ስናነብ ያልተለጠፈውንም እንጠይቅ። ዛሬ ማታ ከሚታዩት አንዱን ከመምረጣችን በፊት፣ የማይታየው ምንድን ነው? ለምን አልመጣም? ተከልክሎ ነው፣ ከስሮ ነው፣ ወይስ ማንም ስላልጠየቀው? ሦስቱ ምክንያቶች ለተመልካች አንድ ይመስላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ነው። የተከለከለውን ልንጮህለት፣ የከሰረውን ወንበር ልንሞላለት፣ ያልተጠየቀውን ልንጠይቀው እንችላለን።

ሁለተኛ፣ በጎረቤታችን ቋንቋ የሚቀርበውን አንለፈው። የድሬ ሰው ይህን ከማንም ይልቅ ያውቃል። ቃሉን ሁሉ ባንረዳ ዜማው ይመራናል፤ ዜማው ባይመራን አጠገባችን የተቀመጠው ሰው ሳቅና ዕንባ ይተረጉምልናል። ሙዚቃዊ ተውኔት በተለይ ለዚህ የተፈጠረ ነው። አንድ ሙሉ ምሽት በጎረቤት ቋንቋ መካከል የተቀመጠ ሰው፣ በማግሥቱ ጎረቤቱን በገበያ ሲያገኘው ሰላምታው ይለወጣል።

ሦስተኛ፣ ያልታወቀውን ገና ሳይታወቅ እንየው። መጽሐፍ ከታተመ በኋላ አንባቢ ቢያጣ መደርደሪያ ላይ ሆኖ ሌላ ትውልድ ይጠብቃል፤ እኛ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች በዚህ እንጽናናለን። ተውኔት ግን እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም። ወንበሩ ባዶ የሆነበት ምሽት ተመልሶ አይመጣም። ጀማሪው ቡድን በመጀመሪያው ሳምንት ዐሥር ሰው ካጣ ሁለተኛ ሳምንት የለውም፤ ስለዚህ በተውኔት ዘንድ ዘግይቶ ማድነቅ አለማድነቅ ነው። «ሰዎች ጥሩ ነው ካሉ አየዋለሁ» የሚል ተመልካች ሌሎች እንዲመርጡለት የፈቀደ ነው፤ ከሳንሱሩ ወንበር ያመለጠው በገዛ ፈቃዱ ወደ ሌላ ወንበር ጥላ ለመግባት ነው።

ይህን ስንል መሳቅ ነውር ነው ማለታችን አይደለም። መንግሥቱ ለማ በሳቅ ያስተማረውን ብዙ ትራጀዲ አላስተማረም። ከሥራ ደክሞት የወጣ ሰው ሊስቅ ይገባዋል። ጥያቄው ስቀን ስንወጣ የሳቅነው በማን ላይ እንደሆነ ማወቃችን ነው።

ተክለ ሐዋርያት ያዩት ስላላረካቸው ጻፉ። የድሬዳዋ ወጣቶች የሚያዩት ስላልነበራቸው ዘፈኑ። በሁለቱ መካከል ዐርባ ዓመት ያህል አለ፤ ሐዲዱም ከጫፍ እስከ ጫፍ 784 ኪሎ ሜትር ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ግን የቀረበላቸውን ብቻ ተቀብለው ወደ ቤታቸው አለመግባታቸው ነው። እኛ ደራሲ ወይም ዘፋኝ ባንሆን እንኳ ተመልካች ነን። ዛሬ ማታ የምንይዘው ወንበር ነገ የሚታየውን ይወስናል።

በድሬ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ የደቻቱ አሸዋ ላይ ጥላ ሲረዝም፣ ከከዚራም ከመጋላም የሚወጣ ሰው አለ። የሚሄድበት መድረክ ይኑረው፤ መድረኩም በቋንቋው ይጥራው። ከሌለም፣ ድሬ አንድ ጊዜ እንዳደረገችው፣ ዳስ መጣል አይሳነንም።